በቪትዝ ሰሜን ተራሮች ይደረሳል? አንድ ጥያቄ፣ 61 መልስ

ጥያቄውን በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የጻፍኩት መስከረም መጨረሻ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው። አጭር ነበር። ጎንደር ተወልጄ፣ ጎንደር አድጌ፣ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሰሜን ተራሮችን ያየሁት ግን ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ካላንደር ብቻ ነው። በጥቅምት ሦስት ቀን እረፍት አለኝ። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ11 እና የ6 ዓመት ልጆቻችን፣ ሰባ ያለፋት እናቴ እንሄዳለን። መኪናችን ቪትዝ ናት። ትደርሳለች ወይስ አትደርስም? ይኸው ነው።

አንድ ነገር ሳልጽፍ ቀረሁ። እማዬ የተወለደችው እዚያው ተራሮቹ ጀርባ፣ ጃናሞራ ነው። በልጅነቷ በእግርና በበቅሎ ጎንደር ከገባች ወዲህ ተመልሳ አልሄደችም። ይህ ለማን ምን ይጠቅማል ብዬ ተውኩት።

መላሾቹን በመልሳቸው ተራ ቁጥር ልጥራቸው። ቁጥር 1 ትሁት ሰው ነበሩ። በእግዚአብሔር ሰላምታ ጀመሩ። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሆነ፣ አስፋልት ስለሆነም ቪትዝ ምንም እንደማትሆን ጻፉ። ለብቻ ከሆነ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ከልጆች ጋር ከሆነ ሦስት ሰዓት እንድንይዝ መከሩ። ቁጥር 2 ከደባርቅ በኋላ ስላለው መንገድ ጠየቀ። ልክ ነበር። ደባርቅ ላይ ያለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እንጂ ፓርኩ አይደለም። ከዚያ ወዲያ ፒስታ ነው፣ ዳገት ነው። ቁጥር 3 ቪትዝንና በቅሎን አወዳድሮ በቅሎዋን መረጠ። ሌላ ቃል አልጨመረም። የሳቅ ምልክት ያስቀመጡለት ግን ብዙ ነበሩ።

ቁጥር 4 ሾፌር ነው። በዚያ መስመር ብዙ ዓመት ዶልፊን እንደነዳ ተናገረና ረጅም መልስ ጻፈ። ከሁሉም የጠቀመኝ የእሱ ነው። ገና ሳይነጋ እንዳንወጣ አስጠነቀቀ። የወገራ ደጋ ላይ ጉም ይተኛል፤ ከጉሙ ውስጥ የሚወጣው አህያ ይሁን አይሱዙ አይታወቅም። ዳገት ላይ መኪናዋ ብትደክም እንዳንደነግጥ ነገረን። አየሩ ሲሳሳ ሞተርም እንደ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። አምስት ሰው የጫነች ቪትዝ ይህን በደንብ ታውቀዋለች። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ረግጦ መውረድ ፍሬኑን ማቃጠል ስለሆነ ማርሽ ዝቅ አድርገን እንድንወርድ መከረ። መጨረሻ ላይ ስኮርታ ጎማው አየር እንዳለው ሳናይ ከግቢ እንዳንወጣ ጻፈ። አነበብኩት። ልክ ነው አልኩ። ስኮርታውን ግን አላየሁም።

ቁጥር 4 የመቆሚያ ቦታዎችንም በተራ ደርድሮ ነበር። ሸክላ የሚሸጥባት፣ ድሮ የቤተ እስራኤል መንደር የነበረችው ወለቃ፣ ቀጥሎ አምባ ጊዮርጊስ፣ ኮሶዬ፣ ዳባት። ቁጥር 5 ወዲያው አረመው። ኮሶዬ ከአምባ ጊዮርጊስ በፊት ነው የሚገኘው፤ ሾፌር ነኝ የሚል ሰው ይህን መሳቱ እንዳስገረመው ጻፈ። ትንሽ ጎርበጥ ያለ አነጋገር ነበር። ሾፌሩ ግን አልተቆጣም። ሲመለስ የሚያርፍበትን ቅደም ተከተል እንደጻፈ አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። ቁጥር 6 ኮሶዬ ላይ ሳንቆም ብናልፍ ኃጢአት እንደሆነ ተናገረች። እዚያ ደጋው ድንገት ያልቃል። ቆላው ከእግር በታች ተዘርግቶ ይታያል።

ቁጥር 7 የጤና ባለሙያ ናት። እሷ ደግሞ ሌላ ነገር አነሳች። ጎንደር 2,100 ሜትር አካባቢ ነው። ፓርኩ ውስጥ ያለው የማደሪያ ካምፕ፣ ሳንቃበር፣ 3,200 ያልፋል። በአንድ ቀን ተነስቶ እዚያ ማደር በአንዴ ከ1,000 ሜትር በላይ መዝለል ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት ሊመጣ ይችላል። ከ3,000 ሜትር በላይ በአንድ ቀን የመኝታን ከፍታ ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር እንደሚመከር ጻፈች። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሌሊት ደባርቅ አድረን፣ በማግስቱ ወጥተን፣ ማታ እዚያው ደባርቅ እንድንመለስ መከረችን። ለእናቴ የደም ግፊት መድኃኒቷን እንዳልረሳም አሳሰበች። እናቴ ግፊት አለባት አላልኩም ነበር። አለባት።

ቁጥር 8 ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ እንደሚበቃ ጻፈ። ማንም አልመለሰለትም።

ቁጥር 9 ግን ክሩን፣ ማለትም የመልሶቹን ሰንሰለት፣ አሞቀው። ጎንደሬ በደጋ የተወለደ ስለሆነ የከፍታ ሕመም የፈረንጅ በሽታ እንደሆነ፣ እሱ ራሱ ማንም ተራራ አናቱን እንዳላሳመመው ደነፋ። ቁጥር 7 ተመልሳ ሳንባ የትውልድ መታወቂያ እንደማያይ ጻፈችለት። እሱም መለሰ፣ እሷም መለሰች። ጽሑፉን ሳነበው አንድ ነገር ከነከነኝ። ይህ ሰው ሰሜንን በንጉሡ ሠ ነው የሚጽፈው። እኔ የማውቀው በንጉሡ ሠ የሚጽፍ ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው። በዚያ ሰዓት ሳሎን ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ስልኩን ይነካካ ነበር። ዝም አልኩ።

ከዚህ በኋላ ትንሽ መንገድ ሳትን። ቁጥር 12 የተራራው ስም በአገሬው አፍ ስሜን እንጂ ሰሜን እንዳልሆነ ጻፈ፤ አቅጣጫና አገር ተምታቷል ባይ ነው። ቁጥር 13 የፓርኩ ሰሌዳ ላይ ሰሜን ተብሎ እንደተጻፈ መለሰ። ቁጥር 14 ሰሌዳ ጻፊን ሊቅ ያደረገው ማን እንደሆነ ጠየቀ። እዚያው ቆመ።

ቁጥር 15 የሁለት ልጆች እናት ናት። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ልጅ ይነክሳሉ ወይ ብላ ለእኔ ተጨንቃ ጠየቀች። ቁጥር 16 አረጋጋት። ጭላዳ ሳር በል ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ሳር ሲነጭ ይውላል፣ ማታ ገደሉ ላይ ወርዶ ያድራል፣ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ተመልሶ ይወጣል። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ነገር ቁስል ስላልሆነ ልጆቹ እንዳያዝኑለት ነገረን። ክርክር ያስነሳው ምግብ የመስጠት ነገር ነው። ቁጥር 17 ዳቦ ወርውሮ ፎቶ እንደተነሳ በኩራት ጻፈ። ቁጥር 18 ስድብ ሊባል ትንሽ የቀረው መልስ ሰጠው። ዛሬ ዳቦ የለመደ ጭላዳ ነገ የገበሬ ማሳ ውስጥ ገብቶ በድንጋይ እንደሚባረር አስረዳው። ቁጥር 19 መፍራት ያለብን ዝንጀሮን ሳይሆን ቁራን እንደሆነ ጻፈ። የዚያ አገር ቁራ መንቁሩ መጥረቢያ ያህላል። ሳንቃበር ላይ ምሳ ዘርግተው ሲጸልዩ፣ አሜን ሳይሉ አንዱ ቁራ ድርቆሹን ከነፌስታሉ ይዞት ሄደ አሉ። የክሩ ምርጥ ታሪክ ይህ ነው።

ስለ ስካውት የተነሳው ንትርክ አስቀያሚ ነበር። ጠመንጃ የያዘ ስካውት ይዞ መግባት ግዴታ እንደሆነ ቁጥር 20 ሲጽፍ፣ ቁጥር 21 በገዛ አገሬ ጠባቂ የሚከራየኝ ማነው ባይ ሆነ። ቱሪስት ማለት ፈረንጅ ብቻ ነው ብለው ካልሆነ በቀር እንዲህ አይደረግም ብሎ ተቆጣ። አንጀቴን የነካው እሱ ነው፣ ምንም እንኳ ባልስማማም። ጎንደር ሆቴል በር ላይ የመኪና ወረፋ ይዘው ወደ ደባርቅ የሚወጡትን እንግዶች ስናይ አድገናል። አንድ ቀን እኛም እንደዚያ እንሄዳለን ብሎ ያሰበ ከሰፈራችን አልነበረም። ቁጥር 22 በትዕግሥት መለሰ። ለኢትዮጵያዊ የመግቢያው ክፍያ ከውጭ ዜጋ በጣም ያነሰ ነው። ስካውቱ የአካባቢው ልጅ ነው፣ የሚከፈለው ቤቱን ይደግፋል። ጉም ሲወርድ ገደሉ የት እንደሚጀምር የሚያውቀውም እሱ ነው።

ከ23 እስከ 30 ያለውን በአጭሩ ላሳልፈው። ራስ ዳሽን ወይስ ራስ ደጀን? ደጀን የሚሉት አሸነፉ፤ ዳሽን የውጭ ሰው ጆሮ ያበላሸው ነው ብለው። አንዱ ቢራውስ ደጀን ሊባል ነው ወይ ብሎ ስለጎንደሩ ፋብሪካ ተጨነቀ። ቁመቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። እኔ ትምህርት ቤት የተማርኩት 4,620 ሜትር ነው። ቁጥር 26 4,533 ነው አለ፣ ቁጥር 27 4,550። ተራራው ያጠረው እኛ ስንረዝም ነው የሚል ቀልድ መጣ። ቀጥሎ ፓርኩ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ1970 ነው በሚልና በ1978 ነው በሚል ሁለት ሰዎች ከባድ ጠብ ውስጥ ገቡ። ሊሰዳደቡ ሲሉ ቁጥር 30 ሁለቱም ልክ እንደሆኑ አሳየ። አንዱ በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጅ ነው የጻፈው። ከላሊበላ ጋር በዓለም የመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች መዝገብ ውስጥ እንደገባ፣ በ1989 አደጋ ላይ ካሉት ተርታ እንደተመደበና በ2009 እንደወጣም እሱው ጨመረ። ሁሉንም በእኛ አቆጣጠር መሆኑን ሁለት ጊዜ ጻፈ።

ቁጥር 31 ደባርቅ ከደረስን አይቀር ሊማሊሞን ወርደን ዛሪማ ድረስ እንድንሄድ ጋበዘን። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን እየጠረበ የሠራው መንገድ ነው፤ እባብ ይመስላል። ሾፌሩ፣ ቁጥር 4፣ ብቅ ብሎ በአንድ ቃል ከለከለ። እኔም አልተከራከርኩም።

ቁጥር 33 ከሁሉም በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን በዕለቱ ጠዋት ደባርቅ ላለ ሰው ደውለን እንድንጠይቅ መከረ። ለሁላችንም የሚገባ ምክር ነው። 34 እና 35 ግን ወደ ፖለቲካ ወሰዱት። የመድረኩ ኃላፊ ሁለቱን አጠፋቸው። ቁጥሮቹ ባዶ ሆነው እስካሁን አሉ።

ቁጥር 38ን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በ2011 ፓርኩ ሲቃጠል ከደባርቅ በሌሊት ከወጡት ወጣቶች አንዱ ነበር። በቅጠልና በአፈር እሳት ሲመቱ እንደሰነበቱ ጻፈ። የጓሳው ሳርና የአስታው ዛፍ ሲነድ የሚሰጠውን ድምፅ ሊረሳው እንዳልቻለ፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጥተው እንደረዱም አስታወሰ። ስለዚህ ቡና ለማፍላት ብለን ከተፈቀደው ቦታ ውጪ ክብሪት እንዳንጭር ለመነን። ለመነን ስል በእርግጥም ልመና ነበር።

ከእሱ በኋላ ማንም ለመቀለድ አልደፈረም። በመጨረሻ ቁጥር 41 ምግብ ወደማብሰል ወሰደን። እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ባቄላና ድንች ቶሎ አይበስልም። ቁጥር 42 የፈላ ውሃ የትም የፈላ ውሃ ነው ብሎ ድርቅ አለ። ቁጥር 43 ሄዶ እንዲሞክረው ነገረው። ለእኛ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ድፎ ዳቦ ይበቃናል ብዬ እኔው ዘጋሁት።

ቁጥር 44 የሚገርም ቅልጥፍና ነበረው። ግጭ የሚባለው መንደር ከፓርኩ ወጥቶ ሰዎቹ ደባርቅ መስፈራቸውን አንስቶ፣ ጥሩ ሆነ፣ አሁን ለዋልያውም ለቀይ ቀበሮውም ሰፋ ብሎ ጻፈ። ቁጥር 45 አጭር ነበር። እሱ ግጭ እንደተወለደ፣ ገብስ ዘርተው ያደጉበት መሬት ላይ አሁን ሰው ፎቶ እንደሚነሳ፣ ዋልያን እንደማይጠላ፣ ነገር ግን ጥሩ ሆነ የሚለውን ቃል ሌላ ሰው ሳይሆን እነሱ ቢሉት እንደሚመርጥ ጻፈ። ቁጥር 46 ይቅርታ ጠየቀ። 44 ራሱ ግን ተመልሶ አልመጣም።

በማግስቱ እሑድ ቡና ላይ ክሩን ለእማዬ አነበብኩላት። ዝንጀሮውንና ቁራውን ስትሰማ ሳቀች። ግጭን ስትሰማ ዝም አለች። ከዚያ ጻፊልኝ አለችኝ። ቁጥር 47 የእሷ ነው፣ እኔ ጸሐፊ ነኝ። በእሷ ዘመን ገደል የሚታይ ነገር እንዳልነበረ፣ ጥጃና ልጅ የሚጠበቅበት እንደነበር ተናገረች። ሰው ለማየት ብሎ ከቤቱ ወጥቶ ወደ ገደል መሄዱ እንደገረማት አልደበቀችም። ካየን ግን ቆመን እንዳናይ አዘዘች። አፋፉ ላይ በሆድ ተኝቶ፣ አገጭን መሬት አስነክቶ ነው የሚታየው። ለብርዱ ደግሞ ጃኬት ላይ እንዳንተማመን፣ ጋቢ እንድንይዝ። 29 ሰው ወደደላት። በዚያ ሳምንት እማዬ ስልኬን ስትጠይቀኝ ሰነበተች፣ ስንት ደረሰ እያለች።

ሄድን። ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ደባርቅ ደውለን ካረጋገጥን በኋላ። ቁጥር 50 የጉዞው ሪፖርት ነው። ያለ እፍረት ሁሉንም ጻፍኩት።

ኮሶዬ ቆምን፣ ዳቦ በላን። ወገራ ላይ ገብሱ ቢጫ ሆኗል። ዳባት ልንደርስ ስንል የኋላ ጎማ ተነፈሰ። ባለቤቴ ክሪኩን አውጥቶ መኪናዋን አነሳ። ስኮርታውን ሲያወርደው እንደ እንጀራ ለስልሷል። አንድ የአይሱዙ ሾፌር ቆሞልን ባለቤቴን ከሁለት ጎማ ጋር ጭኖ ዳባት ጎሚስታ ወሰደው። ሁለት ሰዓት ጠበቅን። ልጆቼ ከእረኞች ጋር ጅራፍ ማጮህ ተማሩ። ትንሹ እስካሁን ከጉዞው ሁሉ የሚያስታውሰው ይህን ነው።

ደባርቅ አደርን። ቪትዟን ሆቴሉ ግቢ ውስጥ ተውናት። በማግስቱ ከነሾፌሩ ላንድክሩዘር ተከራይተን፣ ክፍያችንን ፈጽመን፣ ስካውታችንን ይዘን ወጣን። ቡይት ራስ ላይ ጭላዳዎቹ ከመንገዱ ዳር ተቀምጠው ሳር ይነጫሉ። አንገታቸውንም ቀና አላደረጉልንም። ከሳንቃበር ትንሽ አለፍ ብለን ወደ ጂንባር ፏፏቴ ማያ በእግር ሄድን። ውሃው ከ500 ሜትር በላይ ወደ ገደሉ ይወርዳል፤ ታች ሳይደርስ ጉም ይሆናል። እዚያ እማዬ ጋቢዋን አነጠፈችና በሆዷ ተኛች። ልጆቹ ተከተሉ። ቀጥሎ እኔ። አምስተኛው ባለቤቴ ነው። ስካውቱ ጠመንጃውን ተደግፎ እስኪያለቅስ ሳቀ።

ጨነቅ የሚባለው ካምፕ ስንደርስ ስድስት ሰዓት አልፏል። ከቆመው የጅብራ ተክል ወዲያ፣ ቀንዱ ወደ ኋላ የታጠፈ ወንድ ዋልያ ገደሉ ጫፍ ላይ ቆሟል። ከዚህ ተራራ ውጪ በዓለም የትም የለም። ትልቁ ልጄ ትንፋሹን ያዘ። ባለቤቴ ግን ማየት አልቻለም። መኪና ውስጥ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ ነበር። እማዬ ስካውቱን ስለመንገዱ ጠየቀችው። በቧሂት በኩል አልፎ ወደ መካነ ብርሃን፣ ወደ ጃናሞራ እንደሚወርድ ነገራት። ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ጠየቀች። ነገራት። ሰዓታችንን አየሁ። እሷም አየችኝ። አንድ ቅርንጫፍ አስታ ጎንበስ ብላ አሸተተች፣ ሳትቆርጠው፣ ከዚያ ጋቢዋን ተከናንባ መኪና ውስጥ ገባች። ተመለስን።

ቁጥር 51 ሾፌሩ ነው። ስለ ስኮርታው የጻፈልኝን እዚያው መልሶ ለጠፈልኝ፣ ሌላ ምንም አላለም። ቁጥር 52 የበቅሎው ሰውዬ ነው። በቅሎ ጎማ እንደማይተነፍስባት አስታወሰን። ቁጥር 53 የጤና ባለሙያዋ ራሱን ያመመው ማን እንደሆነ ጠየቀች። ቁጥር 54 ላይ ቁጥር 9 ራሱ ቀርቦ እሱ እንደሆነ፣ ባሌም እንደሆነ አመነ፤ ሰሜንን አሁንም በሠ ጽፎ። ክሩ ለአንድ ቀን ሙሉ ሳቀ።

ቁጥር 56 ግን ተናደደ። ጥያቄው ቪትዝ ትደርሳለች ወይ ነበር፣ መኪና ተከራይቶ ሪፖርት መጻፍ ማታለል ነው ባይ ነው። በከፊል ልክ ነው። ቁጥር 57 በበጋ ኮሮላ ይዞ ሳንቃበር እንደደረሰ ምሎ ተናገረ። ታችኛው ሽፋን ግን እዚያው መቅረቱን ከሁለት መስመር በኋላ አመነ። ስለዚህ መልሴ፦ ደባርቅ ድረስ አዎ፣ ከዚያ ወዲያ የኔ ቪትዝ አትሄድም።

ቁጥር 58 እማዬን ነው የፈለገው። ጃናሞራ የቱ ጋ እንደተወለደች፣ የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቀ። አነበብኩላት። እሷ መለሰች፣ እሱ መለሰ። ቁጥር 60 ላይ አያቱና የእማዬ አክስት ጎረቤት እንደነበሩ ታወቀ። ከዚያ ስልክ ተለዋውጠው ከክሩ ወጡ። አሁን ማታ ማታ ይደዋወላሉ። ስለ ጥር ያወራሉ መሰለኝ፤ እኔን ስታይ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች።

ቁጥር 61 ስኮርታው ተሠራ ወይ ብሎ ጠየቀ። አንደኛው ጎማ ሁለት ቦታ ተለጥፏል። ስኮርታውን ገና ነው።